ሁለቱ የአደራ ላሞች

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበርን። ስማችንን አልጽፍም፤ ከስድስታችን ግማሾቹ ዛሬ በሕይወት ስለሌሉ ፈቃድ ልጠይቃቸው አልችልም። ማን ማን እንደነበርን ግን አስቀድሜ ልናገር።

አንደኛው ጎረቤቴ መሪጌታ ናቸው። ከመካነ ሰላም የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ በምትገኘው ደብራችን ዜማ ያስተምሩ ነበር። ሚስታቸው ቀድማቸው ሞታለች። ሁለተኛዋ ልጃቸው ናት፤ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም፣ ነገሩ ሲጀመር ስድስተኛ ክፍል ነበረች። ሦስተኛው የመሪጌታ ታናሽ ወንድም ነው፤ ለጋምቦ ውስጥ፣ ከአቀስታ በላይ ባለው ብርዳም አገር የሚያርስ፣ ክንዱም ምላሱም ብርቱ የሆነ ሰው። አራተኛው መካነ ሰላም ከተማ የሚኖር ጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። አምስተኛዋ ባለቤቴ ናት። ስድስተኛው እኔ ነኝ፤ ገበሬ፣ የአምስት ልጆች አባት።

ፊደል ያስተማረኝ ሰው የለም። አባቴ ሲሞት የግብር ደረሰኞች በቆዳ ከረጢት ጥሎልኝ ሄደ። በየደረሰኙ ላይ የአባቴ ስም፣ የአገሩ ስምና የከፈለው ገንዘብ እንደተጻፈ አውቅ ስለነበር የማውቀውን ቃል ከማላውቀው ምልክት ጋር እያስተያየሁ በሁለት ክረምት ማንበብ ጀመርኩ። መሠረተ ትምህርት ወደ አገራችን ሲመጣ እኔን ሊያስተምር የተላከው ወጣት የጻፍኩትን አይቶ «አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለኝ። ይህን የምጽፈው ለጉራ ብቻ አይደለም። በራሱ የተማረ ሰው አንድ አደጋ አለበት፤ የሚያርመው ስለሌለ ያልገባውንም እንደገባው ይቆጥራል። እኔ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

ደርግ መሬቱን ካከፋፈለ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ መሪጌታ ታመሙ። እግራቸው አብጦ ከማኅሌት ቀሩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አስጠሩኝና ከአልጋቸው አጠገብ አስቀመጡኝ።

«እኔ ስሞት ወንድሜ ልጅቱን ይወስዳታል» አሉኝ። «ክፉ ሆኖ አይደለም። ለሴት ልጅ ስድስተኛ ክፍል በዛባት ባይ ነው። ዓመት ሳይሞላ ይድራታል፤ ላሞቹም አብረዋት ይነዳሉ።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግልዎ፣ የኔታ?»

«አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክትጨርስ ከብቶቼ በአንተ እጅ ይቆዩ። የአንተ ግን አይሁኑ። የሷም ገና አይሁኑ። ለትምህርቷ ይሁኑ።»

አንገቴን ደፋሁ። ከአንድ ዓመት በፊት የራሴን ታላቅ ሴት ልጅ ከአራተኛ ክፍል አስቀርቼ ድሬ ነበር። መሪጌታም ሠርጉ ላይ ነበሩ፤ የመረቁትም እሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ ምንም አላሉኝም፣ ያን ዕለትም አላነሱብኝም። ከአምስት ልጆቼ ጉዳይ ይልቅ በሌላ ሰው ልጅ ጉዳይ ላይ ጠንካራ መሆን ቀላል እንደሆነ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

የአንተም የሷም ያልሆነ ንብረት በሕግ ይኑር አይኑር አላውቅም ነበር። ቢሆንም ወረቀት አውጥቼ ያሉትን ሁሉ ጻፍኩ። የንስሐ አባታቸው መጥተው ቃሉን ያፈረሰ ሰው የተወገዘ ይሁን ብለው ገዘቱ፤ ግዝቱንም ግማሽ ገጽ አድርጌ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩት። ባገራችን ከግዝት የበለጠ ማኅተም የለምና ሁላችንም ተደስተን ተለያየን።

በገበያው ቀን ወረቀቱን ይዤ ጡረተኛው ጸሐፊ ዘንድ ሄድኩ። ዓይኑ ደክሞ ስለነበር እንዳነብለት አዘዘኝ። አንብቤ ስጨርስ ሳቀ።

«ይህ ወረቀት አፍራሹን ገሃነም ያስገባዋል» አለኝ። «አንተን ግን ፍርድ ቤት አያስገባህም።»

«ምን ጎደለው?»

«ግዝቱ ተርፎታል፣ ምስክሩ ጎድሎታል። አራት ምስክር ይቀመጣል። ኑዛዜው ለተናዛዡና ለአራቱ ምስክሮች ይነበባል። መነበቡና ቀኑ እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፋል። ከዚያ ማንም ከቤት ሳይወጣ ሁሉም ይፈርማል። መነበቡ ካልተጻፈ አልተነበበም ማለት ነው፤ ኑዛዜው ፈረሰ ማለት ነው።»

ከዚያም ከሣጥኑ ውስጥ የሕግ መጽሐፍ አወጣ። መሪጌታ የጠየቁት ነገር እዚያ ውስጥ ተጽፎ ነበር፤ ስሙም አደራ ነው። ሰው ንብረቱን ለይቶ፣ ስለ ሌላ ሰው ጥቅም፣ በባለአደራ እጅ እንዲተዳደር ማድረግ ይችላል። ባለአደራው ያስተዳድራል እንጂ ባለቤት አይሆንም። ዜማ እንጂ ሕግ ያልተማሩ ሰውዬ ከአልጋቸው ላይ ሆነው የሕጉን ሐሳብ አንድ ሳያጎድሉ ነግረውኝ ነበር። ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱ አጠረብኝ።

በሳምንቱ አራት ምስክሮች ሰበሰብኩ። መሪጌታ በግ አሳረዱላቸው። ከምስክሮቹ አንዱ «አንዴ በግዝት ታስሯል፤ ደግሞ ምን ይነበባል?» ብሎ አጉረመረመ። እኔ ለማንበብ ብነሳ ቃላቱን አንዱን ባንዱ ላይ እየደራረብኩ ሮጥኩ። መሪጌታ እጃቸውን አነሱ።

«የምሞተው እኔ፣ የምትቸኩለው አንተ» አሉ። «ከመጀመሪያው ጀምር።»

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። መነበቡም ቀኑም ተጻፈ፤ የሚፈርም ፈረመ፣ የማይጽፍ በአውራ ጣቱ አተመ። መሪጌታ ወር ሳይሞላቸው አረፉ።

መሬታቸውን ገበሬ ማኅበሩ ወሰደ፤ መሬት የመንግሥት ነውና አልተከራከርኩም። በአደራ የቀሩት አንዲት በቅሎ፣ አራት በጎችና ሁለት ላሞች ነበሩ። በቅሎዋንና በጎቹን ሸጥኩ፤ በገንዘቡ ለልጅቱ መካነ ሰላም ውስጥ ደኅና ቤተሰብ ዘንድ ክፍል ተከራየሁላትና ሰባተኛ ክፍል ገባች። ቀለቧን እየጫንኩ እወስድላት ነበር። የሷን ገንዘብ ከእኔ ገንዘብ ጋር አንድ ቀን አላደባለቅሁም። የቀሩት ሁለቱ ላሞች ናቸው።

ባገራችን ከብት ያለው ሰው ለሌለው በርቢ ይሰጣል። ተቀባዩ ይቀልባል፣ ይጠብቃል፣ ወተቱን ይጠጣል፤ የሚወለደውን ግን ከባለቤቱ ጋር እኩል ይካፈላሉ። ከጥንት የቆየ ነው፣ ማንም ነውር አይለውም። እኔም ላሞቹ መርባት አለባቸው አልኩና ማንን ልመን ብዬ አሰብኩ። ከራሴ በላይ የማምነው ሰው አላገኘሁም። ስለዚህ በርቢ ለራሴ ሰጠኋቸው። ሥርዓት እንዳይጎድል ደግሞ ውል ጻፍኩ። ሰጪ በሚለው ሥር ባለአደራ ነኝና ፈረምኩ። ተቀባይ በሚለውም ሥር አርቢ ነኝና ፈረምኩ። ወረቀቱን ሳየው አማረብኝ፤ አጣጥፌ ከአባቴ ደረሰኞች ጋር አስቀመጥኩት።

በመሪጌታ ተዝካር ላይ ወንድማቸው ከለጋምቦ ወረደ። ልጅቱን ይዤ እሄዳለሁ ሲል ኑዛዜውን አነበብኩለት።

«የወንድሜን ላም አንተ ታልባለህ» አለኝ፣ ሰው በሞላበት ድንኳን ውስጥ። «እኔ ያንድ እናት ልጅ ደግሞ ንፍሮ በልቼ ልመለስ?»

«ላሞቹ የልጅቱ ትምህርት ናቸው» አልኩት።

«ላም ስትማር አላየሁም» አለና ሰውን አሳቀብኝ። በማግስቱ ሄደ። ዝም ብሎ እንደማይቀር ግን አውቄ ነበር።

ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። በየገበያው ቀን ጉዳዬን ስጨርስ ጸሐፊው ዘንድ እየሄድኩ ሕጉን አነብለታለሁ፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያብራራልኛል። ክፍያችን ይኸው ነበር፤ እሱ ዓይኔን ይወስዳል፣ እኔ ዕውቀቱን። ስለ ውርስ የሚለውን እወደው ስለነበር ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ አደራ የሚለው ጥቂት ገጽ ነው፤ አንዴ አንብቤው ገባኝ ብዬ አልፌዋለሁ። በዚህ መካከል ላሞቹ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ወለዱ። ሁለቱ ጥጆች ለልጅቱ፣ ሁለቱ ለእኔ ሆኑ። ከእኔ ድርሻ አንዱን ወይፈን ሸጬ ለልጆቼ ልብስ ገዛሁ፤ ጊደሯ ግቢዬ ውስጥ ታድግ ነበር።

ከዚያ መጥሪያ መጣ። የመሪጌታ ወንድም አውራጃ ፍርድ ቤት ከሶኛል። አቤቱታው ሁለት ነገር ይላል፤ ኑዛዜው የውሸት ነው፣ ባለአደራው ደግሞ የወላጅ አልባዋን ወተት ይጠጣል። ዳኝነት የጠየቀው ልጅቱና ላሞቹ ለአጎት እንዲሰጡ ነው። ልጅቱ ያን ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፤ ከክፍሏም ከፊተኞቹ አንዷ ነበረች። ከተሸነፍኩ ትምህርቱ እዚያ ላይ ያበቃል።

ለክርክሩ ልዘጋጅ ብዬ የአደራውን ክፍል ለጸሐፊው እንደገና ማንበብ ጀመርኩ። የባለአደራው ግዴታ ላይ ደረስኩ። ባለአደራ እንደ መልካም የቤተሰብ አባት ይጠብቃል። ከአደራው ንብረት ለራሱ የግል ጥቅም አያገኝም። እዚያ ላይ ቆምኩ።

«ለምን ቆምክ?» አለኝ ጸሐፊው።

«እንደገና ላንብበው።»

እንደገና አነበብኩት፤ ቃሉ አልተለወጠም። ያን የርቢ ውል አውጥቼ ምን እንደሚል ነገርኩት። ጸሐፊው ሳል እስኪይዘው ሳቀ።

«ሰጪም አንተ፣ ተቀባይም አንተ» አለኝ። «ዋጋ ስትከራከሩ ማን አሸነፈ?»

እኔ አልሳቅሁም። ሳቁ ሲበርድለት ወደ ቁም ነገሩ ገባ። «አቤቱታው ስለ ወተት ነው። ወተቱ ስለ ጭዱና ስለ ድካምህ ይያዝልሃል፤ እሱ አያስፈራም። ጥጃው ነው ያንተ ያልሆነ። ግን ስለ ጥጃ የጠየቀህ የለም። ሰውየው ማንበብ አይችልም፣ ውሉንም አያውቅም። ዝም በል።»

«ሐሰት አይሆንም?»

«ያልተጠየቁትን አለመናገር ሐሰት አይደለም። ልጅቱን አስብ። ባለአደራነቱን ቢነጥቁህ የሚሾመው ማን ይመስልሃል? አጎቷ ነው።»

ያን ቀን ጸሐፊው ክፉ ምክር መከረኝ አልልም። ለልጅቱ ብሎ ነው። ችግሩም እሱ ላይ ነበር፤ ለራሴ ጥጃ ብዬ ብደብቅ ኃጢአት መሆኑ ግልጽ ነው፣ ለሷ ትምህርት ብዬ ስደብቅ ግን ጽድቅ መሰለኝ። ቤቴ ደርሼ ለባለቤቴ ነገርኳት።

«ያ መጽሐፍ ጥጃ አርብቶ ያውቃል?» አለችኝ። «ጭዱን የተሸከምኩት እኔ፣ አዛባውን የዛቅሁት እኔ።»

«ወተቱን ጠጥተናላ።»

«አገሩ ሁሉ ግማሽ ይወስድ የለም ወይ?»

«አገሩ ሁሉ ከባለቤቱ ጋር ተዋውሎ ነው። እኔ ከራሴ ጋር ነው የተዋዋልኩት። መሪጌታ በሕይወት ቢኖሩ ግማሽ ይሉኝ ነበር ወይስ ሲሶ? የሚከራከርላት ሰው አልነበራትም። ተከራካሪዋ እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ጥጃውን ፈልጌው ነበር።»

«ወይፈኑ ልብስ ሆኗል» አለች። «ከልጆቹ ላይ ልታወልቅ ነው?»

የቀጠሮው ቀን ጠዋት ጊደሯን አስሬ፣ ከወይፈኑም ዋጋ የሞላልኝን ብር ይዤ ስወጣ በር ላይ አስቆመችኝና ከመቀነቷ ጫፍ አሥራ አንድ ብር ፈታች።

«ዶሮ ሸጬ ያጠራቀምኩት ነው» አለችኝ። «ሌባ ተብለህ የምትመለስ ከሆነ ሙሉውን ከፍለህ ተመለስ።»

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው። ዳኛው በመጀመሪያ ኑዛዜውን አነበቡ። ለተናዛዡና ለአራቱ ምስክሮች ተነቧል የሚለውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበቡትና ኑዛዜው የጸና ነው አሉ። ይህን ስሰማ ደረቴ ሰፋ፤ ያቺን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስለ ወተቱም ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ወንድምየው ቆቡን በእጁ ያሽ ጀመር። ዳኛው መዝገቡን ሊዘጉ ነበር።

«ጌታዬ፣ ያልተጠየቅሁት ነገር አለ» አልኩ።

ጸሐፊው ከኋላ ወንበር ላይ ሲስል ሰማሁት፤ የታመመ ሰው ሳል አልነበረም። የርቢውን ውል አቀረብኩ። ዳኛው አንዱን ፊርማ አዩ፣ ሌላውን አዩ፣ እኔን አዩኝ።

«ሁለቱም ያንተ ነው?»

«አዎ ጌታዬ። ስጽፈው ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ሕጉን ሳነብ ስሕተት መሆኑን አወቅሁ። ጊደሯ ውጭ ታስራለች። የወይፈኑም ዋጋ ይኸው።»

«እኔስ ምን አልኩ?» አለ ወንድምየው ተነሥቶ። «በላ አላልኩም? ሌባ ነው። ላሞቹም ልጅቱም ለእኔ ይሰጡኝ።»

የተናገረው ግማሹ እውነት ነበር። ልጅቱ ከትምህርት ቤት መጥታ ከኋላ ተቀምጣ ነበር፤ ዳኛው ጠሯት። ደብተሯን እንደያዘች ወደ ፊት ወጣች፤ ወደ እኔም ወደ አጎቷም አላየችም።

«አደራው ላንቺ ነው» አሏት። «ሰምተሻል። ምን ትያለሽ?»

«ጋሼ ይቆዩ» አለች። «ላሞቹ ግን ከጋሼ ግቢ ይውጡ።»

«ወዴት?»

«አጎቴ በርቢ ይውሰዳቸው። ግማሹን ያግኝ። የሒሳብ ደብተሩን ጋሼ ይያዙ። ትምህርቴን ለማስቆም የሞከረ ቀን ግን ርቢው ይፍረስ።»

«ወተቱስ?» አለ አጎቷ።

«የአርቢው ነው» አለችው። «ያገሩ ልማድ ነው፣ አጎቴ።»

«አብሽሪ» አለ፣ ወደ መሬት እያየ። «ነገሩ እንዲህ ከሆነ ይሁን።»

ዳኛው ያለችውን ትእዛዝ አድርገው ጻፉት። ስንወጣ ወንድምየው አጠገቤ መጣ። ይሳደባል ብዬ ስጠብቅ «ይቺ ልጅ አባቷን ነው የወጣችው» አለኝ። «ይህን ዘጠነኛ ክፍል ነው ያስተማራት?» አዎ አልኩት። ዘጠነኛ ክፍል አላስተማራትም፤ ግን እውነቱን ሁሉ በአንድ ቀን መናገር አልቻልኩም።

በዳኛው ፊት ሌባ ተብያለሁ። ያም ሆኖ ከዚያች ቀን የበለጠ የምኮራባት ቀን የለችኝም። የምኮራው በታማኝነቴ አይደለም፤ መታመን ከነበረብኝ ጊዜ ሦስት ዓመት ዘግይቼ ነው የታመንኩት። የምኮራው አደራ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ በመጨረሻ ስለገባኝ ነው። አለመስረቅ ብቻ መስሎኝ ነበር። የራስን ጥቅም ከሌላው ጥቅም ጋር አንድ በረት ውስጥ አለማሰር ነው።

በመለስኩት የወይፈን ዋጋ ሁለት እናት በጎች ገዛንና እነሱም ከላሞቹና ከጥጆቹ ጋር ወደ ለጋምቦ ወጡ። ስለ ሌላው ሰው የምናገረውም እውነት መሆን አለበትና ይህን ልጨምር፤ እንደዚያ ሰውዬ ያለ አርቢ አላየሁም። ዝናቡ በቀረበት ዓመት በጎቹ ሲሞቱበት የሁለት ቀን መንገድ ተጉዞ ሁለቱንም ቆዳ ከነጆሮው አምጥቶ ደጄ ላይ ዘረጋው። «እንዳልበላኋቸው እይ» አለኝ። እንዲያመጣ አልጠየቅሁትም ነበር። በደብተሬ ላይ ሞተዋል ብዬ ጻፍኩ፤ አስነብበኝ አለኝ፣ አነበብኩለት፣ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ። በዚያው ዓመት ሁለተኛዋ ሴት ልጄ አምስተኛ ክፍል ገባች። ባለቤቴ ለሷም የአደራ ደብተር ልትይዝላት ነው ብላ አሾፈችብኝ።

የመሪጌታ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሰች፣ ፈተናውን አለፈች፣ መምህራን ማሠልጠኛ ተጠራች። ኑዛዜው አደራው በዚያ ቀን ያበቃል ይላል። አጎቷ ከብቶቹን እየነዳ መጣ፤ የሱ ድርሻ ተለይቶ የቀረውን በአራት ምስክር ፊት አስረከብኳት፤ መረከቧም እዚያው ተነቦ ተጻፈ።

«ጋሼ» አለችኝ እስክሪብቶውን ስትመልስልኝ። «ይህ ሁሉ ስንት ፈጀ? የእኔን ብቻ ሳይሆን የሁላችሁንም።»

ደብተሩን ከፈትኩ። ቀለብና የእግር መንገድ ዋጋ አላወጣሁላቸውም፤ ከኪስና ከበረት የወጣውን ብቻ ነው የጻፍኩት። አባቷ ለምስክሮቹ ያረዱት በግና የወረቀቱ ሃያ አምስት ብር። አጎቷ ለአቤቱታ ጸሐፊ፣ ለቴምብርና ለማደሪያ ሃያ ሁለት። ጸሐፊው፣ እኔ ቅቤ በነካው እጄ ያበላሸሁትን የሕግ መጽሐፉን ሽፋን ለማስጠገን ሁለት። የባለቤቴ የዶሮ ገንዘብ አሥራ አንድ። የእኔ ጊደር ዘጠና፣ ከወይፈኑ ዋጋ ከኪሴ የጨመርኩት ሃምሳ አራት፣ ቴምብር ስድስት፣ በድምሩ መቶ ሃምሳ። የሷ የስድስት ዓመት የቤት ኪራይ፣ ደብተርና ልብስ ሦስት መቶ አራት። ደመረችው፤ እኔም ደግሜ ደመርኩት፤ አምስት መቶ አሥራ አራት ብር ሆነ።